ለሀዋሳ የቀዶ ሕክምና ክፍል የትኛው የሚተነፈስ ማደንዘዣ ይሻላል?

ሁለት የማውቃቸው ሐኪሞች ሀዋሳ ውስጥ አነስ ያለ የቀዶ ሕክምና ማዕከል ሊከፍቱ እየተዘጋጁ ነው። በቀደም ሦስት ፕሮፎርማ ይዘው መጡ። አንዱ አይሶፍሉሬን ነው። ሌላው ሴቮፍሉሬን። ሦስተኛው ዴስፍሉሬን ከነሙሉ ማሽኑ። "የትኛው ይሻላል?" አሉኝ።

እንዲህ ብቻ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ማንን ነው የምታስተኙት? ሕፃናት አሉ? ማሽኑ ምን ዓይነት ነው? ኦክስጅኑ ከየት ይመጣል? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ማደንዘዣውን የሚሰጠው ባለሙያ የቱን ለምዷል? እነዚህ ሳይመለሱ ጠርሙስ ከጠርሙስ ማወዳደር ገንዘብም ያባክናል፣ ሕይወትም ያስከፍላል።

ሥራዬ ማደንዘዣ መስጠት ስለሆነ ለነሱ ያስረዳሁትን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ለገዢ፣ ለክፍል ኃላፊ፣ ለጀማሪ የሙያ ባልደረባ ይሆናል። ልጁ ኦፕሬሽን ሊደረግለት ቀጠሮ የያዘ ወላጅም ቢያነበው የሚጠይቀው ጥያቄ ያገኛል። የመድኃኒት መጠን ማዘዣ ግን አይደለም። እሱ ከታካሚው አጠገብ የቆመው ባለሙያ ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ፣ ሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋሉ?

በሲሊንደር ከሚመጣው ጋዝ ከናይትረስ ኦክሳይድ በቀር ሌሎቹ የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች በጠርሙስ የሚመጡ ፈሳሾች ናቸው። ቫፖራይዘር የሚባለው ዕቃ ወደ ትነት ይቀይራቸዋል። ታካሚው ከኦክስጅን ጋር ይተነፍሳቸዋል። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ይሄዳሉ። ሲበቃ ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሰው በትንፋሽ ይወጣሉ።

አንጎል ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ አንድ ወጥ መልስ የለም። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ጋባ የሚባለው የአንጎል ማረጋጊያ መልእክት ነው። እነ አይሶፍሉሬን ይሄን መልእክት ያጠነክሩታል፣ ሕዋሶቹም ዝም ይላሉ። ናይትረስ ኦክሳይድ ግን መንገዱ ሌላ ነው፤ በዋናነት የማነቃቂያውን መልእክት ይዘጋል። ታካሚው ቢላ ሲነካው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው ደግሞ በአብዛኛው አንጎል ላይ ሳይሆን ሕብለ ሰረሰር ላይ የሚሠሩት ሥራ ነው። ስለዚህ መርሳት፣ መተኛት እና አለመንቀሳቀስ በተለያየ መጠን የሚመጡ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። "አልተንቀሳቀሰም" ማለት "ተኝቷል" ማለት አይደለም፣ በተለይ ጡንቻ ማዝለያ ከተሰጠው።

ለመተኛትና ለመንቃት ፍጥነቱን የሚወስነው ጋዙ በደም ውስጥ ምን ያህል ይሟሟል የሚለው ነው። ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። በደም በደንብ የሚሟሟ ጋዝ ፈጣን ይመስላል፣ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ድርቆሽ ወጡን ሁሉ ጠጥቶ ለሳህኑ ምንም እንደማያስቀር ደምም ሃሎቴን የሚባለውን የቆየ ማደንዘዣ ይመጠዋል፣ ለአንጎል ቶሎ አይለቅም። ዴስፍሉሬንን ግን ደም እምብዛም አይመጠውም። ግፊቱ ቶሎ ይሞላል፣ አንጎልም ቶሎ ይደርሰዋል። ሲነቁም እንደዚያው ነው።

ጉልበታቸውን የምንለካው ማክ በሚባል መለኪያ ነው። ከመቶ ሰው ሃምሳው ቆዳው ሲቆረጥ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው ሳንባ ውስጥ ያለው መጠን ማለት ነው። ማኩ ትንሽ ከሆነ ጋዙ ኃይለኛ ነው። ዕድሜም ይለውጠዋል። ለሴቮፍሉሬን ለ40 ዓመት ሰው 2.1 ፐርሰንት ገደማ የሆነው ለ80 ዓመት አዛውንት ወደ 1.4 ይወርዳል። ነፍሰ ጡር ሴትም ከሌላው ጊዜ ያነሰ ይበቃታል።

ጉዳታቸው ብዙው የጋራ ነው። የደም ግፊት ይቀንሳሉ፣ ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ያደርጋሉ፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛሉ፣ ሲነቁ ማቅለሽለሽ ያመጣሉ። ማህፀንም ያላላሉ፣ ስለዚህ ቄሳሪያን ላይ መጠኑ ከበዛ ደም ይፈሳል። ከሁሉም የሚያስፈራው በዘር የሚመጣ የጡንቻ ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ የሚከሰተው ድንገተኛና ገዳይ የሰውነት ሙቀት ነው። ከናይትረስ በስተቀር አራቱም፣ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን፣ ሴቮፍሉሬንና ዴስፍሉሬን፣ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ነው። "ከቤተሰባችሁ ኦፕሬሽን ላይ የሞተ ወይም በኃይል ያተኮሰው ሰው አለ?" ብሎ መጠየቅ ግን ምንም ወጪ የለውም፣ ከቅድመ ምርመራው መዝለል የለበትም።

በምን መስፈርት እንመዝናቸው?

እኔ ስድስት ነገር አያለሁ። አንደኛ፣ ያለ መርፌ በማስክ ብቻ ሕፃን ማስተኛት ይችላል? ሁለተኛ፣ ምን ያህል ቶሎ ያስነቃል? ሦስተኛ፣ ልብና ደም ግፊት ላይ ምን ያደርጋል? አራተኛ፣ ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ ጉበትን ወይም ኩላሊትን ይነካል? አምስተኛ፣ ምን ዓይነት ዕቃ ይፈልጋል፣ መብራት ሲጠፋስ ይሠራል? ስድስተኛ፣ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር ይበላል?

ሰባተኛ የምጨምረው የሀዋሳን ከፍታ ነው፣ አዳማም ከፍታዋ ተመሳሳይ ስለሆነ ያው ነው። ብዙ ሰው ስለማያነሳው ትንሽ ልቆይበት።

ሀዋሳ ከባህር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ እዚህ 620 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፣ ባህር ጠለል ላይ 760 ነው። መጽሐፎቻችን ላይ ያሉት ፐርሰንቶች ሁሉ የተጻፉት ለ760 ነው። አንጎል ደግሞ ፐርሰንት አያውቅም፣ የሚሰማው የጋዙን ግፊት ነው።

ለሃሎቴን፣ ለአይሶፍሉሬንና ለሴቮፍሉሬን ነገሩ ቀላል ነው። የተለመዱት ቫፖራይዘሮች ከፍታ ላይ ፐርሰንቱን ከፍ አድርገው ስለሚያወጡ ግፊቱ ብዙም አይለወጥም። ማዞሪያውን እንደተለመደው ትጠቀማላችሁ። የጋዝ ሞኒተሩ ላይ የሚታየው ቁጥር ከማዞሪያው በለጥ ካለ ቫፖራይዘሩ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

ዴስፍሉሬን ግን የሚጠቀመው ሌላ ዓይነት ቫፖራይዘር ነው፣ የሚሰጠውም ቋሚ ፐርሰንት ነው። ባህር ጠለል ላይ 6 ፐርሰንት የሚሠራውን ሥራ ለማግኘት ሀዋሳ ላይ ወደ 7.4 ማዞር ያስፈልጋል። ይሄን ያላወቀ ሰው ታካሚውን በደንብ ሳያስተኛ ቢላ ያስነካዋል።

ናይትረስ ኦክሳይድም ይደክማል። እዚህ 60 ፐርሰንት ስንሰጥ ባህር ጠለል ላይ 49 ፐርሰንት እንደ መስጠት ነው። ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። 30 ፐርሰንት ኦክስጅን እዚህ ባህር ጠለል ላይ ካለ 24 ወይም 25 ፐርሰንት ጋር እኩል ነው። ስለዚህ "30 ፐርሰንት ይበቃል" የሚለውን የመጽሐፍ አባባል እዚህ እንዳለ መውሰድ ልክ አይመስለኝም።

ሃሎቴን

ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው በሃሎቴን ነው፣ እውነት ለመናገር ውለታውም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራ ላይ ሲውል እንደ ኤተር የማይቀጣጠል፣ ሽታው የማያስቸግር፣ ሕፃን በማስክ የሚያስተኛ መድኃኒት ማግኘት ትልቅ ነገር ነበር። ማኩ 0.75 ስለሆነ ትንሹ ይበቃል። አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧም ይከፍታል።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ልብ ነው። የልብን ጉልበት ያደክማል፣ የልብ ምት ይቀንሳል፣ በተለይ ሕፃናት ላይ። ከዚያም በላይ ልብን ለአድሬናሊን ያስቆጣል። ሰርጀኑ ደም እንዳይፈስ ብሎ አድሬናሊን ያለበት ሊዶኬይን ሲወጋ የልብ ምት ሊዘበራረቅ ይችላል። ጫት ቅሞ የመጣ ታካሚም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ሰውነትን በዚያው መንገድ ያነቃዋል። እኛ አካባቢ ጫት ስንት ሰው እንደሚቅም ታውቃላችሁ። ስለዚህ "ዛሬ ወይም ትናንት ማታ ቅመሃል?" ብሎ በግልጽ፣ ሳይቆጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተቆጣችሁት ይዋሻችኋል።

ሁለተኛው ጉበት ነው። ከገባው ሃሎቴን 20 ፐርሰንት ያህሉ ጉበት ውስጥ ይሰበራል። ስብርባሪው አንዳንድ ሰው ላይ የራሱን የመከላከያ ኃይል ጉበቱ ላይ ያስነሳል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው፣ ሲያጋጥም ግን ይገድላል። አደጋው በተደጋጋሚ ሲሰጥ ይጨምራል፣ በሦስት ወር ውስጥ መድገም የማይመከረውም ለዚህ ነው። ቃጠሎ ደርሶበት በየሳምንቱ ኦፕሬሽን ክፍል ለሚገባ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ሌላም ጣጣ አለ። ሃሎቴን ከዓለም ገበያ እየወጣ ነው። አቅርቦቱ እያነሰ በሄደ ቁጥር ምንጩ ያልታወቀ ጠርሙስ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። አዲስ ለሚከፈት ማዕከል ሃሎቴን አትግዙ እላለሁ። ያላችሁ ደግሞ መተኪያውን ዛሬ አቅዱ፣ ጠርሙሱ ያለቀ ቀን አይደለም።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጮህ ልንገራችሁ። አንድ ቦታ ስሠራ ሃሎቴን አለቀ። መደርደሪያው ላይ አይሶፍሉሬን ነበር፣ ቫፖራይዘሩ ግን የሃሎቴን ብቻ ነበር። "ያው ማደንዘዣ ነው፣ ጨምርበት" ተባልኩ። ሰርጀኑ ታጥቦ ቆሟል፣ ታካሚው ጠረጴዛ ላይ ነው። አልጨመርኩም። ቀኑ በመርፌ በሚሰጠው ማደንዘዣ በኬታሚን አለፈ። ብጨምር ኖሮ ቫፖራይዘሩ የተለካው ለሌላ መድኃኒት ስለሆነ በማዞሪያው ቁጥር መተማመን አይቻልም ነበር፣ ታካሚው በትክክል ምን ያህል እያገኘ እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን አልነበረም። ተቃራኒው ደግሞ ይብሳል። ሃሎቴን በስህተት ሴቮፍሉሬን ቫፖራይዘር ውስጥ ቢገባና ማዞሪያው 2 ላይ ቢደረግ ታካሚው ከሚያስፈልገው ከአራት እጥፍ በላይ ያገኛል። ልብ ያቆማል። አንድ ቫፖራይዘር ለአንድ መድኃኒት ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ቀለሙም ለዚህ ነው የተለየው። ሃሎቴን ቀይ፣ አይሶፍሉሬን ሐምራዊ፣ ሴቮፍሉሬን ቢጫ፣ ዴስፍሉሬን ሰማያዊ።

አይሶፍሉሬን

ለአብዛኛው የአዋቂ ሥራ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሰውነት ውስጥ የሚሰበረው 0.2 ፐርሰንት ብቻ ስለሆነ ጉበት እምብዛም አይነካም። ለአድሬናሊን ልብን እንደ ሃሎቴን አያስቆጣም። የደም ግፊት የሚቀንሰው ልብን በማድከም ሳይሆን በዋናነት የደም ሥሮችን በማላላት ነው፣ የልብ ምትም ትንሽ ይጨምራል። በወጪም ቀላል ነው።

ድክመቱ ሽታው ነው። ይቆጠቁጣል፣ ጉሮሮ ያሳክካል። በመርፌ አስተኝታችሁ ከዚያ በኋላ ብትሰጡት ምንም አይደለም። በማስክ ሕፃን ለማስተኛት ግን አይሆንም።

ጀማሪ እያለሁ ሞክሬው አውቃለሁ። የእበጥ ኦፕሬሽን የሚደረግለት የሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ደም ሥሩ አልገኝ አለ፣ ያለን ደግሞ አይሶፍሉሬን ብቻ። ቀስ ብዬ ልስጠው ብዬ ማስኩን አስጠጋሁ። ሳለ። ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ ጉሮሮው ተቆለፈ፣ ኦክስጅኑ ወረደ፣ ከንፈሩ ጠቆረ። ኦክስጅን በግፊት እየሰጠን፣ ሌላ ባልደረባ ደም ሥር አግኝቶ ጡንቻ ማዝለያ ወግቶ ልጁ ተረፈ። እናቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕፃናት የሚሠራ ቦታ ያለ ሴቮፍሉሬን መከፈት የለበትም ብዬ አምናለሁ።

የመንቃቱ ፍጥነት መካከለኛ ነው። ረጅም ኦፕሬሽን ላይ መጨረሻው ሲቃረብ ቀድማችሁ ካልቀነሳችሁ ሪከቨሪ ውስጥ ረዥም ሰዓት ይተኛባችኋል።

ሴቮፍሉሬን

ሽታው ለስላሳ ነው። ሕፃኑ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ እንኳ በጥቂት ትንፋሽ ይተኛል። በደም የመሟሟቱ ቁጥር 0.65 ስለሆነ ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ያስነቃል። ልብ ላይም የዋህ ነው። አስቸጋሪ የአየር መንገድ ያለበትን አዋቂ ትንፋሹን ሳታቋርጡ ለማስተኛትም ይጠቅማል። ለአስም ታካሚም እመርጠዋለሁ።

እንከኑ ምንድን ነው? ትንንሽ ልጆች ሲነቁ የሚያብዱ ይመስላሉ። ያለቅሳሉ፣ ይወራጫሉ፣ እናታቸውን አያውቁም። አብዛኛው ልጅ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፣ ግን ለወላጅ አስቀድማችሁ ንገሩ። ካልነገራችሁ "ልጄን ምን አደረጋችሁት?" ይላሉ፣ ማለታቸውም ትክክል ነው።

ሌላው ችግር ያለው ማሽኑ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚመጠው፣ ሶዳ ላይም በሚባለው ማጣሪያ ነው። ሶዳ ላይሙ ደርቆ ከቆየ ሴቮፍሉሬን ውስጡ ይሰበራል፣ ይሞቃል፣ አይጥ ላይ ኩላሊት እንደሚጎዳ የታወቀ ኮምፓውንድ ኤ የሚባል ነገር ይፈጥራል። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት በግልጽ አልታየም፣ እኔ ግን የጋዙን ፍሰት በሴቮፍሉሬን በደቂቃ ከ1 ሊትር በታች አላወርደውም። ደረቅ ሶዳ ላይም ከአይሶፍሉሬንና ከዴስፍሉሬን ጋር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል። ዓርብ ማታ ኦክስጅኑን ሳይዘጉ የሄዱበት ማሽን ሰኞ ጠዋት ሶዳ ላይሙ ድርቅ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቀለሙ ባይቀየርም ቀይሩት።

ዋጋው ከአይሶፍሉሬን ይወደዳል። ግን ዋጋን እንዴት እንደምታወዳድሩ ከታች እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ዴስፍሉሬን

ከሁሉም ፈጣን አስነቂ ነው፣ ሰውነት ውስጥም አይሰበርም ማለት ይቻላል። በጣም ወፍራም ለሆነ ታካሚና ለረጅም ኦፕሬሽን እውነተኛ ጥቅም አለው።

ለሀዋሳ አነስተኛ ማዕከል ግን አልመክረውም። ቫፖራይዘሩ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ፈሳሹ በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለው የትነት ግፊት ከሀዋሳ አየር ግፊት ስለሚበልጥ ክፍት ቢቀመጥ ይፈላል። ከፍታው ደግሞ ከላይ ያልኩትን ስሌት ይጠይቃል። ጉሮሮም ያስቆጣል፣ አጫሾችን በተለይ። በሰዓት የሚፈጀው ፈሳሽም ብዙ ነው። የአየር ንብረትንም ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይጎዳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለሕክምና የግድ ካልሆነ በቀር እንዳይጠቀሙበት ከልክሏል። ሌላው እየተወው ያለውን በብድር ገዝቶ መግባት አይታየኝም።

ናይትረስ ኦክሳይድ

ብቻውን አያስተኛም። ሕመም ያስታግሳል፣ የሌላውን ጋዝ መጠን ይቀንሳል። ከፍታችን ላይ ደግሞ ጉልበቱ ያንሳል ብያለሁ። አየር ያለበት ክፍተት ውስጥ ገብቶ ያሰፋዋል፣ ስለዚህ አንጀቱ የተዘጋ ወይም ሳንባው ዙሪያ አየር የገባበት ታካሚ ላይ አደገኛ ነው። ቫይታሚን ቢ12ን ያበላሻል፣ ማቅለሽለሽ ይጨምራል። ሲዘጋም ከደም ወደ ሳንባ ጎርፎ ኦክስጅኑን ስለሚያቀጥነው ለጥቂት ደቂቃ ሙሉ ኦክስጅን መስጠት ግድ ነው። በዚያ ላይ ሲሊንደር ማመላለስ አለ። ገንዘቡን ለኦክስጅን አውሉት።

ወጪውን እንዴት እናስላ?

በብር አልጻፍኩም፣ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። በሚሊ ሊትር አስሉት፣ ከዚያ በእጃችሁ ባለው ፕሮፎርማ አባዙት። ቀላል ቀመር አለ። 3 ሲባዛ በፍሰቱ ሊትር በደቂቃ፣ ሲባዛ በፐርሰንቱ። የሚወጣው ቁጥር በሰዓት የሚያልቀው ፈሳሽ ግምት ነው።

ሴቮፍሉሬን 2 ፐርሰንት በ6 ሊትር ፍሰት ብትሰጡ 36 ሚሊ ሊትር በሰዓት ይሄዳል። 250 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ በሰባት ሰዓት ያልቃል። ያንኑ በ1 ሊትር ብትሰጡ 6 ሚሊ ሊትር ነው፣ ጠርሙሱ ከ40 ሰዓት በላይ ይቆያል። ለማስተኛት መጀመሪያ ላይ ፍሰቱ ከፍ ስለሚል በተግባር ትንሽ ያንሳል፣ ልዩነቱ ግን እንዳለ ነው። "ሴቮፍሉሬን አይቻልም፣ ውድ ነው" የሚሉ ቦታዎች ሄጄ ስመለከት ፍሰቱ ቀኑን ሙሉ 6 ሊትር ላይ ነው። ውድ ያደረገው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ቀሪው ጋዝ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል፣ እዚያ ውስጥ የሚሠሩት ነርሶችና እኛ እንተነፍሰዋለን።

ፍሰት ለመቀነስ ግን ትኩስ ሶዳ ላይም፣ የማያፈስ ማሽን፣ የኦክስጅን መለኪያ እና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞኒተር ያስፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ አትሞክሩት።

| መስፈርት | ሃሎቴን | አይሶፍሉሬን | ሴቮፍሉሬን | ዴስፍሉሬን | ናይትረስ ኦክሳይድ |
|---|---|---|---|---|---|
| ማክ (ፐርሰንት፣ ባህር ጠለል) | 0.75 | 1.2 | 2 | 6 | 104 |
| በደም መሟሟት | 2.4 | 1.4 | 0.65 | 0.42 | 0.47 |
| መንቃት | ዘገምተኛ | መካከለኛ | ፈጣን | በጣም ፈጣን | በጣም ፈጣን |
| ሕፃን በማስክ ማስተኛት | ይሆናል | አይሆንም | ከሁሉ ይሻላል | አይሆንም | ብቻውን አይበቃም |
| ሰውነት ውስጥ የሚሰበር | 20 ፐርሰንት | 0.2 ፐርሰንት | ከ2 እስከ 5 ፐርሰንት | 0.02 ፐርሰንት | የለም ማለት ይቻላል |
| ልብ | ያደክማል፣ ከአድሬናሊን ጋር አደገኛ | ምት ትንሽ ይጨምራል | የተረጋጋ | በፍጥነት ሲጨመር ምት ያፈጥናል | እምብዛም |
| ፈሳሽ በሰዓት፣ በ2 ሊትር ፍሰት | 4.5 ሚሊ ሊትር | 7.2 ሚሊ ሊትር | 12 ሚሊ ሊትር | 36 ሚሊ ሊትር | በሲሊንደር |
| መብራት ሲጠፋ ቫፖራይዘሩ | ይሠራል | ይሠራል | ይሠራል | ይቆማል | ቫፖራይዘር የለውም |
| ሀዋሳ ከፍታ ላይ | እንደተለመደው | እንደተለመደው | እንደተለመደው | ወደ 7.4 ከፍ ይበል | ይደክማል |

ታዲያ ለማን የቱ?

አዋቂ ብቻ የምትሠሩና ገንዘብ የሚያጥራችሁ ከሆነ አይሶፍሉሬን በቂ ነው። የሐሞት ከረጢት፣ የእንቅርት፣ የአጥንት ኦፕሬሽን፣ ሁሉንም ይሸከማል። የተረፈውን ብር ለጥሩ ሞኒተር አድርጉት።

ሕፃናት የምትሠሩ ከሆነ ሴቮፍሉሬን የግድ ነው። አቅም ካነሰ በሴቮፍሉሬን አስተኝታችሁ፣ ደም ሥር ካገኛችሁ በኋላ በአይሶፍሉሬን መቀጠል ትችላላችሁ። ለዚህ ሁለት ቫፖራይዘርና አንዱ ሲከፈት ሌላው እንዳይከፈት የሚቆልፍ ማሽን ያስፈልጋል።

ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ የሚሄድ ታካሚ የሚበዛበት ማዕከልም ሴቮፍሉሬን ይጠቅመዋል። ዝቅተኛ ፍሰት የሚያውቅ ባለሙያ ካላችሁ ወጪው እንደሚፈራው አይደለም።

ከከተማ ወጣ ያለ፣ የተጨመቀ ኦክስጅን በየጊዜው የሚቋረጥበት ሆስፒታል ከሆነ ጥያቄው ከጋዙ በፊት ማሽኑ ነው። በታካሚው ትንፋሽ አየር ስቦ የሚሠራ ቫፖራይዘር ከኦክስጅን ማምረቻ ኮንሰንትሬተር ጋር አይሶፍሉሬን ይሰጣል። ኬታሚንም ሁሌ እጃችሁ ላይ ይኑር። ቄሳሪያን ደግሞ በአብዛኛው በጀርባ መርፌ ማለቅ ይችላል፣ ጋዙ የሚጠበቀው መርፌው ለማይሆንላት እናት ነው።

ሻጩን ሳታሰናብቱ እነዚህን ጠይቁት። ቫፖራይዘሩን ማን ይፈትሽልኛል፣ በስንት ጊዜ? ጥገናው እዚህ ይመጣል ወይስ አዲስ አበባ ይላካል? ሲላክ ምትክ ትሰጠኛለህ? ጠርሙሱን ከቫፖራይዘሩ ጋር የሚያገናኘው አፍ ልዩ ነው ወይስ ማንኛውም ፈሳሽ ይገባበታል? የመጨረሻው ላይ "ማንኛውም ይገባል" ካለ እኔ አልገዛም።

ሁለቱ ሐኪሞች በመጨረሻ የዴስፍሉሬኑን ፕሮፎርማ መለሱት። አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ሁለት ቫፖራይዘር ያለው ማሽን አዘዙ። ከዋጋው ልዩነት የጋዝ ሞኒተር ይገዛበታል። አሁን የቀረው የተበከለውን ጋዝ ከክፍሉ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ነው። በዚህ ሳምንት ግድግዳውን የሚበሳ ሰው እየፈለጉ ነው።